ሁለቴ ጠርቶ የሚዘጋ

ስቴርዮስ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ አባቱ ሴራፊምም እንዲሁ ነበሩ። በሰሜን ግሪክ ባለችው በፍሎሪና ከተማ ውስጥ እሱ ምድር ቤት ወርዶ ያልተንበረከከበት ቤት ቢፈለግ ከአሥር አይበልጥም። በጠገነው የማሞቂያ ቦይለር ሁሉ ላይ ቀይ ስቲከር ይለጥፋል፤ በስቲከሩ ላይ የአባቱ ስም፣ የእሱ ስም፣ ከሥር ደግሞ አንድ የስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ያወጡት አባቱ ናቸው፣ እሱ ገና ዳዴ ሲል። ከተማው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቦይለር ማስነጠስ ሲጀምር የሰው እጅ ሳያስብ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። ሚስቱ ኡራኒያ «እኔን ይፈታኛል እንጂ ቁጥሩን አይፈታም» ትላለች፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ እሷ ግን ስትናገረው ብዙም አትስቅም።

ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ ላይ ስልኩን ከነቁጥሩ ወደ ሌላ የስልክ ድርጅት ሊያዛውር እንደሆነ ሲነግራት፣ የምትወለውለውን የሱቁን መስኮት ትታ ዞረች።

«ምን ነካህ አንተ? ከዚያ ከጥር ወሩ ጉድ በኋላ ስልክ ማዛወር የሚባል ነገር በዚህ ሱቅ እንዳይነሳ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«የመዳቡን መስመር ሊነቅሉት ነው ተብሏል። ዛሬም ሆነ ነገ መቀየራችን አይቀርም። ከተቀየረ አይቀር ወደ ደህና ድርጅት ይሁን ብዬ ነው።»

«እህ» አለች ኡራኒያ። ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ ይህ «እህ» የብዙ ቃል ምትክ ነው።

የነገራት ውሸት አልነበረም፣ ግማሽ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ዋጥ አድርጎታል። ስቴርዮስ ያን ስልክ ይፈራዋል፤ እውነቱ ይኸው ነው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ የናፍጣ እሳት ፊት ሲንበረከክ የኖረ ጎልማሳ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የአባቱን አሮጌ ስልክ ይፈራል።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ድልድዮቹን ሲሸፍን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ይጠራል። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ዝም ይላል። ሞቅ ባለ ቀን አይጠራም፤ ፀሐይ በምትወጣባቸው ወራት ጭራሽ የለም። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ስቴርዮስ ገና ከአልጋው ሳይወርድ መስኮቱ ላይ ውርጭ ካየ «ዛሬ ይደውላሉ» ይላል በልቡ። የሚደውሉት ማን እንደሆኑም ያውቃል። አባባ ናኡም ናቸው። አባባ ናኡም ደግሞ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

አባባ ናኡም ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት መንደር የሚኖሩ ጡረተኛ አናጢ ነበሩ። ስቴርዮስ ቦይለራቸውን ሊያይ በሄደ ቁጥር፣ ሚስታቸው እማማ ፋኒያ የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ በዘይት የሞላ ብልቃጥ ሳያስይዙ አይሸኙትም። አዛውንቱ አንድ አመል ነበራቸው። ስልክ ደውለው አይነጋገሩም፣ ሚስኮል ያደርጋሉ። ይህ እንኳ የአገሩ ሰው ሁሉ አመል ነው። እናት ልጇ በደህና መድረሱን የምታውቀው በሚስኮል ነው፣ ጎረምሳ ፍቅረኛውን ከቤት የሚያስወጣት በሚስኮል ነው። ለማሞቂያ ጠጋኝ ሚስኮል የሚያደርግ ሰው ግን በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

«እኔ ደንበኛ ነኝ፣ አንተ ነጋዴ ነህ» ይሉት ነበር። «መደወል ያለበት ማነው?»

ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። ዳግመኛ ማስጠራት በእሳቸው ዘንድ ልመና ነው፣ ልመና ደግሞ ነውር ነው። ስቴርዮስም ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ሲዘጋ «አባባ ናኡም ናቸው» ብሎ ይስቅና መልሶ ይደውላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ፣ አንድ ቀን ሳይተላለፉ።

ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር አንድ ምላሱ ማር የሆነ ሻጭ ሱቅ ድረስ መጥቶ ስቴርዮስን የስልክ ድርጅት አስቀየረው። ቁጥሩ ያው ነው፣ መስመሩ ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ ነው፣ ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቋረጠ። የሚያሳፍረው፣ ስቴርዮስ መቋረጡን ያወቀው በሁለተኛው ቀን ማታ መሆኑ ነው። በዚያ ውርጭ አንድ ሰው እንኳ አለመደወሉ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር። እሱ ግን ዕረፍት አገኘሁ ብሎ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ሲያይ ዋለ። በመጨረሻ የስልኩን እጀታ ሲያነሳው ድምፅ የለውም። ከኡራኒያ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ድርጅቱ ደወለ።

«የዝውውር መዘግየት ነው» አለው ባለሙያው። «ነገ ይከፈታል።»

«እስካሁን የደወሉልኝ ሰዎች ምን ይሰማሉ? ተቋርጧል ይላቸዋል?»

«አይ፣ እሱማ ይጠራላቸዋል።»

«የት ነው የሚጠራው?»

ባለሙያው ትንሽ አሰበ። «የትም» አለ። «ለደዋዩ ይጠራል፣ እናንተ ጋ አይደርስም። በዝውውር ጊዜ ያጋጥማል።»

በማግስቱ ስልኩ ተከፈተ። ከዚያ በማግስቱ የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን የሞት ደወል ለአባባ ናኡም ተደወለ። ቦይለራቸው ጠፍቶባቸው ሁለት ቀን ጠብቀዋል፣ በሦስተኛው ጠዋት እኔው ላየው ብለው ወደ ምድር ቤት ወርደዋል፤ እማማ ፋኒያ ሄደው ሲያዩዋቸው ቦይለሩ ሥር ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ቀዩ ስቲከር ላይ አስደግፈው ነበር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብማ ነው፤ ግን በሞቀ ቤት ውስጥ ያ ልብ ስንት ዓመት ይመታ እንደነበር ማን ያውቃል።

ስቴርዮስ ቀብር ሄደ። ከቀብሩ በኋላ እንደ አገሩ ልማድ ለቀብርተኛው ኮኛክ ሲታደል፣ ከጀርመን የመጣችው ልጃቸው ዶምና በረንዳው ላይ ለብቻው አገኘችው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«ስቴርዮስ፣ ከእኛ ቤት ተደውሎልህ ነበር?»

«አልተደወለልኝም።»

«ስልክህስ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ዛሬም አያውቀውም። ፈርቶ ነው። ሰው ሲፈራ ከአፉ የሚወጣው መጀመሪያ ያገኘው ቃል ነው። ዶምና ራሷን ነቅንቃ ወደ ውስጥ ገባች፣ እሱም ኮኛኩን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ኡራኒያ መስመሩ ተቋርጦ እንደነበር ታውቃለች፤ በረንዳው ላይ የተናገረውን ግን ለእሷም አልነገራትም። በኋላ ዶምና እናቷን ወደ ሽቱትጋርት ይዛ መሄዷን፣ ቤቱ መዘጋቱን ሰማ። በዚያ መንገድ ዳግመኛ አልሄደም፤ ከመንደሯ ሥራ ሲመጣለት ሞልቶብኛል ይላል።

በቀጣዩ ኅዳር ላይ፣ በመጀመሪያው ውርጭ፣ ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ዘጋ።

ያን ቀን ስቴርዮስ በቁሙ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። አንድ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀና በመጀመሪያው ጥሪ ቀለብ አደረገው። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ሰማ፣ የደነገጠ ሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ ተዘጋ። ትንፋሹን ከሰማ በኋላ ለሳምንት እንቅልፍ አጣ። አባ አርጊሪስን ጠርቶ ሱቁን ጠበል አስረጨ፤ ቄሱም ስቴርዮስ በዓይኑ ወደ ስልኩ ሲያመለክታቸው ስልኩን ራሱን ደህና አድርገው ረጩት። ስልኩ ሁለት ቀን ሲንጫጫ ከረመና ዳነ። በቀጣዩ ውርጭ እንደ ልማዱ ሁለቴ ጠራ።

«ስክሪን ያለው ስልክ ለምን አትገዛም?» ትለዋለች ኡራኒያ። «የሚደውለውን ቁጥር አይተህ፣ ደውለህ፣ አፍህን ከፍተህ ትሳደባለህ። አለቀ።»

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «የአባቴ ስልክ ነው» ይላታል። ቁጥሩን ማየት አይፈልግም ነበር። ምንም ቁጥር ባይወጣስ? ወጥቶስ የዚያ የተዘጋ ቤት ቢሆን? ሁለቱንም እኩል ይፈራቸዋል።

እናም የመዳቡ መስመር ሊነቀል ነው የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ፣ ስቴርዮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረገ። ቁጥሩን መጣል አይችልም፣ ቁጥሩን ከጣለ የሚበላው የለም። መስመሩን ግን ይጥላል። በዚያ በአሮጌው ሽቦ ላይ የተቀመጠው ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከሽቦው ጋር ይቀራል። እንዲህ ሲያስበው በቀን ብርሃን ያሳፍራል፤ ቢሆንም አሰበው። የንግድ ፈቃዱን ቅጂ፣ የግብር ቁጥሩን፣ የመጨረሻውን የስልክ ደረሰኝ አያይዞ፣ ፊርማውን በዜጎች አገልግሎት ቢሮ አስመስክሮ ላከ። በሦስተኛው ቀን ከአዲሱ ድርጅት ማሪሊዛ የምትባል ልጅ ደወለችለት።

«አቶ ስቴርዮስ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው፣ ንግግራችን ይቀዳል። ቁጥሩን በራስዎ ፈቃድ ነው የሚያዛውሩት?»

«በፈቃዴ ነው።»

«በጣም ጥሩ። ቁጥሩ እንዳለ ይመጣልዎታል። ደንበኞችዎ ምንም አይሰማቸውም፤ ትናንት የሚደውልልዎ ሰው ነገም ይደውልልዎታል።»

ስቴርዮስ የስልኩን ገመድ በጣቱ ጠቀለለ።

«አቶ ስቴርዮስ? ይሰሙኛል?»

«የሚቀር ነገር የለም?»

«ምን የሚቀር?»

«በአሮጌው መስመር ላይ የሚቀር። ጥሪ ምናምን።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ደግ ሳቅ ነበር። «ምንም አይቀርም፣ አይስጉ። ሁሉም ይከተልዎታል።»

ስቴርዮስ ስልኩን በቀስታ ዘጋው።

ዝውውሩ በኅዳር ማለቂያ፣ ማክሰኞ ቀን ተደረገ። አንድ ቀጭን ሠራተኛ መጥቶ ከክር የቀጠነ ነጭ ገመድ በግድግዳው ጥግ አስገባ፣ ሣጥን ሰቀለ፣ ከድርጅቱ ስጦታ ነው ብሎ ስክሪን ያለው አዲስ ስልክ አስቀመጠ። የድሮውን ስልክ ከሣጥኑ ጋር እንዲያገናኝለት ስቴርዮስ ቢለምነው «ይህማ ሙዚየም ነው የሚገባው» ብሎ ተወው። ስቴርዮስ ያን ቀን ከአዲሱ ስልክ አጠገብ አልተነሳም። በየሩብ ሰዓቱ ከኡራኒያ ስልክ ወደ ሱቁ እየደወለ ይሞክራል፤ መስመሩ ለአርባ ደቂቃ ተቋርጦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ደዋይ የአንድ ሆቴል አስተዳዳሪ ነበረች፣ የክፍል ማሞቂያ ራዲያተር እያፈሰሰባት። ስቴርዮስ የሚያፈስ ራዲያተር እንደዚያ ቀን በደስታ ጠግኖ አያውቅም።

ለስምንት ቀን አየሩ ለስለስ ብሎ ዝናብ ብቻ ጣለ። ስልኩም ጤነኛ ሆነ። ስቴርዮስ ምሳ መብላት ጀመረ፣ ማፏጨት ጀመረ። ኡራኒያ «ምን አገኘህ?» ብትለው «ዝናቡን ወደድኩት» አላት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ነጭ ሆኖ አደረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ስልክ በማያውቀው፣ ቀለል ባለ ዜማ ጠራ። አንዴ። ስክሪኑ በራ። ሁለቴ። ከዚያ ጠፋ። ኡራኒያ ፈጥና ጎንበስ ብላ አየችው።

«ቁጥር አለው» አለች። «የእኛው አካባቢ ነው። ከተራራው በኩል ነው መሰለኝ።»

ስቴርዮስ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ «አንብቢልኝ» አላት።

ማንበብ ጀመረች። አራተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ የቀረውን እሱ ጨረሰላት። ሃያ ዓመት መልሶ የሚደውለው እሱ ነበርና ቁጥሩን ያውቀዋል። የአባባ ናኡም ቤት ነው።

«ያ ቤት ተዘግቷል» አለ። «ሰው የለበትም።»

«ሰው የሌለበት ቤት ይደውላል?»

«ሦስት ዓመት ሲደውል ነበር።»

ኡራኒያ ፊቱን አየችው። እንዲህ ገርጥቶ አይታው አታውቅም። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ከፊቱ ቆመች። «አሁን ንገረኝ» አለችው፣ እሱም ነገራት። በረንዳውን፣ ዶምናን፣ «ደህና ነበር» ያለውን፣ ትንፋሹን፣ ሁሉንም። ኡራኒያ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ስትሰማ ቆይታ ስልኩን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሚስኮል ከተደረገልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ኡራኒያ...»

«መልሰህ ትደውላለህ። ደውል።»

ደወለ። ረጅም ጊዜ ጠራ። እያንዳንዱ ጥሪ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ በተሸፈኑ ወንበሮች መሃል ሲያስተጋባ ታየው። ሊዘጋው ሲል ከወዲያ በኩል ስልኩ ተነሳ። ያንኑ ትንፋሽ ሰማ፣ ከዚያ የአሮጊት ድምፅ።

«ስቴርዮስ?»

«እማማ ፋኒያ?»

«ልጄ» አሉ። «ዘገየህ።»

መኪናውን በጭጋጉ ውስጥ ወደ ተራራው ሲያወጣ መንገዱ ከፊቱ አሥር እርምጃ አይታይም ነበር። ሞት ይሻለኛል እያለ ነዳ። ቤቱ ውጪው እንደተዘጋ ነው፤ የመስኮት መዝጊያዎቹ ሁሉ ተቀርቅረዋል፣ ከወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ ብቻ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እማማ ፋኒያ ሳያንኳኳ ከፈቱለት። የባላቸውን ወፍራም ካፖርት ደርበዋል፣ እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኖታል።

«ግባ። ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ በረዶ ነው።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት የእንጨት ምድጃ ትነዳለች። አልጋቸውን ከአጠገቧ አድርገዋል። ቀሪው ቤት ጨለማና ዝም ያለ ነው።

«ጀርመን አልነበሩም እንዴ?» አለ።

«ነበርኩ። ስምንት ወር። ቤቱ ይሞቃል፣ ምን ያደርጋል። ዶምና ከሥራ ስትመጣ ዝም ብላ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ። አገሬ መልሱኝ አልኩ። ጎረቤት ዳቦ ያመጣልኛል፣ እንጨት ያስገባልኛል።»

«ቦይለሩስ?»

«ከዚያ ወዲህ አልበራም።»

«እንዲህ ሆነው ለምን እስኪነሳ አላስጠሩም? እመጣ ነበር እኮ።»

«አንድ ቀን አንስተኸው ደነገጥኩ» አሉ፣ ፈገግም አሉ። «ሚስኮል ይነሳል እንዴ? ናኡም ቢሰማ ባለጌ ይልህ ነበር። ደግሞ ቦይለሩን ብዬ አልነበረም የምደውለው። ለአንዲት አሮጊት ይህቺ ምድጃ ትበቃለች።»

«ታዲያ ለምን ነበር?»

እማማ ፋኒያ ምድጃው ውስጥ አንድ ግንድ ጨመሩና እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«እንዳልረሳ» አሉ።

«ምኑን?»

«መደወሉን። ያን ጊዜ ቦይለሩ እንደጠፋ ናኡም ‹ፋኒያ፣ ለስቴርዮስ ሁለቴ አስጠሪለትና ዝጊ› ብሎኝ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። እኔም የደወልኩ መስሎኝ ነበር። አነሳሁት፣ ሁለቴ ጠራ፣ ዘጋሁት፤ እስከዛሬ በዓይኔ ይታየኛል። ማታ ‹ደውለሻል?› አለኝ። ‹ደውያለሁ› አልኩት። ‹እንግዲያው ይመጣል፣ ስቴርዮስ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም› አለ። በማግስቱም ‹ደውለሻል አይደል?› አለኝ። ‹ደውያለሁ አልኩህ፣ ሰውየውን አትጨቅጭቀው› አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ ዶምና አንተን ጠየቀችህ።»

ስቴርዮስ ቀጥሎ የሚመጣውን አወቀ። ሮጦ ቢወጣ ደስ ባለው።

«አልተደወለልኝም፣ ስልኬም ደህና ነበር አልካት። አንተ የሴራፊም ልጅ ነህ፣ ለምን ትዋሻለህ? ስለዚህ አልደወልኩም ማለት ነው። ‹እማዬ፣ ረስተሽው ነው› አለችኝ ዶምና። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የሚታየኝ ነገር የሌላ ቀን ነው ማለት ነው፣ አርጅቻለሁ። ናኡም በእኔ እርሳት ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ብርድ በሆነ ቁጥር እደውልልሃለሁ። አሁንማ አልረሳም። አንድም ቀን አልረሳሁም፣ አይደለም እንዴ?»

«አልረሱም» አለ ስቴርዮስ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሙት ይጠራኛል ብሎ ሲሸሽ፣ የእሱን ጥፋት ተሸክማ በብርድ የተቀመጠች ነፍስ ነበረች። ከእፍረቱ ብዛት መቀመጫ ጠፋው፤ ከምድጃው ፊት፣ ቦይለር ፊት እንደሚንበረከከው፣ ተንበረከከ።

«እማማ ፋኒያ፣ ያኔ ደውለዋል።»

«እንዴት?»

«ስልኬ አይሠራም ነበር። ድርጅት ቀይሬ፣ ቁጥሩ ሲዛወር መስመሩ ለሁለት ቀን ሞቶ ነበር። ለዶምና ዋሸኋት።»

አሮጊቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሲጠራ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«ሰምተዋል። ለደወለው ሰው ይጠራል። እኔ ጋ ነው የማይደርሰው። ባለሙያው ነግሮኛል።»

«ሁለቴ ጠርቷል።»

«ሁለቴ ጠርቷል።»

«ከዚያ ዘግቻለሁ።»

«ዘግተዋል። ምንም አልረሱም።»

ስቴርዮስ ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም። በመጨረሻ ድምፃቸው ከላይ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«መዋሸትህን ግን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ይቅር አላሉትም፤ እሱም አልጠየቀም፣ ለመጠየቅ የሚበቃ አፍ አልነበረውም። ተነስተው ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄዱ፣ ከካፖርቱ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። የጀርመን ቁጥር ነው።

«ደውልላት። ለእኔ የነገርከኝን ንገራት። ቃል እንዳትቀንስ።»

ዶምና በሥራ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይሰማል። ስቴርዮስ ስሙን ነገራት፣ ከዚያ ቀሪውን። አልቀነሰም። እንደጨረሰ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ፣ ማሽኑም ጠፋ።

«እዚያ ናት?» አለች ዶምና። «አጠገብህ ናት?»

«አሉ።»

«ስጣት።»

የስልኩን እጀታ ዘረጋላቸው። እማማ ፋኒያ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስበው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ሰላም አላሉም፣ ደህና ነሽ ወይ አላሉም።

«ደውዬ ነበር» አሉ። «ዶምና፣ እኔ እኮ ደውዬ ነበር።»

ስቴርዮስ መፍቻዎቹን ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ቦይለሩ እንደሚያውቀው ነበር፣ የአቧራ ካባ ደርቧል። ተንበርክኮ ክዳኑን መፍታት ጀመረ። ከላይ የእማማ ፋኒያ ድምፅ በወለሉ አልፎ ይሰማዋል፤ ያንኑ አንድ ቃል ነበር የሚደጋግሙት።